ጥቂት ዘይት የሚፈልገው ጠመንጃ

ፎቶ አንሺው በሕይወት ሳለ የከተማውን ወንድ ሁሉ ማለት ይቻላል ጠመንጃ አስይዞ አንስቷል። ምልምል ፖሊስ ይሁን፣ ሙሽራ ይሁን፣ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ተማሪ ይሁን፣ ፎቶ ቤቱ የገባ ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ "ከነጠመንጃው ነው ወይስ ባዶ እጅህን?" ባዶ እጄን የሚል አልነበረም።

ከሚነሳው ሰው ጀርባ በሚወርደው ሸራ ላይ ሐይቅ ተሥሏል። ሐይቁ ላይ ጀልባ አለ፤ ከጀልባው በላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ወፍ። ወፉ ከጀልባው ይገዝፋል። ደንበኞች ምን ዓይነት ወፍ ነው ብለው ሲጠይቁ ፎቶ አንሺው "የሩቅ አገር ነው" ብሎ ያልፋቸዋል። እውነቱን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ድሮ፣ እውነተኛው ጠመንጃ ለደንበኛ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ አንዱ ጎረምሳ "ወደዚህ እይ" ሲባል ደንግጦ ቃታውን ሳበው፤ ጥይቱም የሐይቁን ሰማይ በስቶ ወጣ። ፎቶ አንሺው ጎረምሳውን በጥፊ ሸኝቶ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠግኖ፣ በላዩ ወፍ ቀባበት። ወዲያው ደግሞ ጎረቤቱን አናጢውን ለምኖ የእንጨት ጠመንጃ አሠራ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጠመንጃ ኖረ፤ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ የተመዘገበ፣ አንዱ የአናጢ ሥራ። የትኛው የቱ እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቀው ፎቶ አንሺው ነበር። እሱ ደግሞ ሞተ።

ልጁ በቅጽል ስሙ ብዥታ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው፤ ሕፃን ሳለ ፎቶ ሲነሳ አርፎ ስለማይቀመጥ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ጉም መስሎ ወጥቷል። ሲያድግም ከጉሙ ብዙ አልወጣም። ትምህርቱን ጨርሶ አባቱ ዘንድ ሥራ ሲገባ የተሰጠው የጓዳው ሥራ ነበር፤ ማተም፣ ጠርዝ መቁረጥ፣ የደንበኛን ብጉር ማጥፋት። ካሜራውና ከካሜራው ፊት ያለው ዓለም የአባትየው ነው። ስለዚህ ብዥታ ጠመንጃውን የሚያውቀው እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው ነበር፤ በፎቶ።

ሐዘኑ ገና ሳይበርድ ነገሩ መጣ። ባለፈቃዱ ሲሞት ፈቃዱም አብሮት ይሞታልና ቤተሰቡ መሣሪያውን ለፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። ካላስረከበ ማረጋገጫ አይሰጠውም፤ ማረጋገጫ ከሌለው የፎቶ ቤቱ ንግድ ፈቃድ ወደ ልጁ አይዞርም፤ ካልዞረ ደግሞ በሩ ይታሸጋል። ብዥታ ከዚያች በር ሌላ የሚገባበት በር አልነበረውም። እናቱም ቶሎ ወስደህ አስረክብ ብላ ወጥራ ያዘችው። "ደግሞ አንተና ጠመንጃ። ዝንብ እንኳ ይቅርታ ጠይቀህ አይደል የምታባርረው?"

ቀላል መስሎት ነበር። አንዱ ጠመንጃ ፎቶ ማንሻው ክፍል፣ ጃንጥላውና የፕላስቲክ አበባው በተሰካበት ቅርጫት ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሌላው አባቱ አልጋ ሥር፣ ቁልፍ ባለው ረጅም ሳጥን ውስጥ፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የጫማ ቀለም እየሸተተ ተኝቷል። እናቱ እውነተኛው የሳጥኑ መሆኑን ማለች። "እሑድ እሑድ አውጥቶ ሲወለውለው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን አንድ ቀን እንደዚያ አድርጎ ዳብሶኝ አያውቅም" አለች፤ አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ አለቀሰች።

ብዥታ ግን የፎቶ አንሺ ልጅ ነውና በዚህ ብቻ አልረካም። ሁለቱንም ሸራው ፊት አቁሞ በካሜራው ዓይን አያቸው። የቅርጫቱ ከነአቧራው ያብለጨልጫል፣ ይቀጥናል፣ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። የሳጥኑ ግን ጥቁር ብሎ፣ ኮስተር ብሎ፣ ካሜራውን ራሱን የሚያስፈራራ ነው። አንስቶ መዘናቸው፤ የሳጥኑ ይከብዳል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል ብሎ ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ።

ጣቢያው ውስጥ የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ለመውጣት ጫፍ ላይ የደረሰ ሃምሳ አለቃ ነው። ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ ሰው የሚቀበል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የት ጣልኩት የሚል ዓይነት ሰው። ሳጥኑን ከፈተ፤ ቁጥሩን ከፈቃዱ ጋር አስተያየ፤ ልክ ነው። ቀጥሎ ጠመንጃውን ሊያቀባብል ማቀባበያውን ጎተተ። አልነቃነቅ አለው። ሰደፉን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ፊቱ እስኪቀላ ሳበው። ወይ ፍንክች።

"ዕድሜ ነው" አለ እያለከለከ። "የእኔም ጉልበት እንዲህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለኛል።" ብዕሩን አነሳና መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ እየጮኸ ጻፈው፤ ተፈትሿል፣ ይሠራል፣ ጥቂት ዘይት ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ግን ጠመንጃውን ወዲያው አላስቀመጠውም። ደረቱ ላይ አስደገፈው። ምልምል ሳለ ከዚሁ ጠመንጃ ጋር ፎቶ ተነስቶ እንደነበር፣ ፎቶውም እስከ ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ከሶፋው በላይ ተሰቅሎ እንዳለ፣ ልጆቹን ሲቆጣ ወደሱ እያመለከተ እንደሚቆጣ አጫወተው። "እኔ ይኼን ጠመንጃ እንደ ወንድሜ ነው የማውቀው" አለ።

ብዥታ ማረጋገጫውን ይዞ ወጣ። ንግድ ፈቃዱ ዞረ፤ የበሩ ላይ ስም ታደሰ፤ እናቱ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ሰው ሆነ አለች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓዳ ወጥቶ ከካሜራው ኋላ ቆመ።

ጥቂት እንደሠራ አንድ ሙሽራ ከሙሽሪት ጋር መጣ። ሙሽራው ወታደር ቤት የኖረ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ አንገቱ የማይታጠፍ ሰው ነው። ከነጠመንጃው አንሳኝ አለ። ብዥታ ከፕላስቲክ አበባው መሐል የቅርጫቱን መዞ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጠውና የእንጨት ስለሆነ እንዳይሰጋ ነገረው። ሙሽራው ግን መሣሪያ በእጁ ገብቶ ሳይፈትሽ መቆም የማይሆንለት ሰው ኖሮ፣ ሳያስበው፣ አፍንጫ እንደማከክ ያህል አቀባበለው።

ተከፈተ።

አንድ ባዶ ቀለህ ከውስጡ ተስፈንጥሮ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ ሙሽሪት ቀሚስ ሥር ገባ። ሙሽራው ጠመንጃውን አየ፤ ብዥታን አየ።

"ወንድሜ፣ የእንጨት ነው አላልከኝም?"

ብዥታ ቀለሁን አነሳው። ከዚያ ቀና ብሎ ሸራው ላይ ያለውን ወፍ አየ። ከዚያ እንደገና ቀለሁን። ያ ጎረምሳ ከተኮሰበት ቀን ጀምሮ ጠመንጃውን የከፈተው ሰው የለም ማለት ነው። ሙሽሮቹን ግን አነሳቸው፤ ፎቶው ብዥ ብሎ ወጣ፤ በዚህኛው ግን የተንቀሳቀሱት ሙሽሮቹ አይደሉም።

በሩን ዘግቶ በቀጥታ አናጢው ጋ ሮጠ። አናጢው ወንበር እየላገ ነበር፤ ነገሩን ሰምቶ እስኪጨርስ መላጊያውን አላቆመም። ሲጨርስ ግን ብድግ አለ።

"ፖሊስ ተቀበለው?"

"ተቀበለው።"

"ቁጥሩን አይቶ?"

"ቁጥሩን አይቶ። ይሠራል ብሎ ፈረመ።"

የአናጢው ዓይን እንባ አቀረረ። ብዥታ ከኀዘኔታ ነው ብሎ ነበር፤ ሰውየው ግን በኩራት ነበር የሚያለቅሰው። ያን ጠመንጃ ሲሠራ ቁጥሩን እንኳ ከእውነተኛው ላይ አይቶ አንድ ሳያስቀር እንደመታው፣ አፈሙዙን ከውሃ ቧንቧ እንዳወጣው፣ መጀመሪያ ቀልሎ ደንበኛው ሁሉ መጥረጊያ የያዘ እየመሰለ ቢያስቸግር ቧንቧውን አሸዋ ሞልቶ ጫፉን በቡሎን እንደደፈነው ዘረዘረለት። ብዥታ ቆይ፣ ታዲያ አባቴ የእንጨቱን ቆልፎ፣ የእውነቱን ለምን ከጃንጥላ ጋር ጣለው ብሎ ጠየቀ። አናጢው ይኼ ደግሞ ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየው።

"እናንተን ያሳደገ ማን ሆነና ነው? የእኔ ጠመንጃ ነው እኮ። የተመዘገበው ምን ሠራላችሁ? ሸራ በሳ።"

እናቱ ዝም በል አለችው። እሷ በሆድህ ቅበረው ያለችው ነገር ግን ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት አልነበረም፤ ቅርጫት ውስጥ፣ ከጃንጥላ ጎን፣ የማንም ሳይሆን ቆሟል። የአባቱ እንዳይባል የአባቱ ጣቢያ ገብቷል። የልጁ እንዳይባል ልጁ ፈቃድ የለውም። በር በተንኳኳ ቁጥር ብዥታ ጃንጥላ ከፍቶ ይሸፍነዋል፤ ቤት ውስጥ ጃንጥላ የሚዘረጋ ፎቶ አንሺ ደግሞ ደንበኛ አያበዛም። መጨረሻ ላይ ጠመንጃውን በአሮጌ ሸራ ጠቅልሎ ወደ ጣቢያው ሄደ።

"የአባቴን ጠመንጃ ይዤ መጥቻለሁ" አለ።

ሃምሳ አለቃው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ፈልጎ አወረደው። "የአባትህን ጠመንጃ አስረክበሃል።"

"ያኛው አይደለም ጌታዬ። እውነተኛው ይኼ ነው።"

"ልጄ፣ አባትህ ስንት ጠመንጃ ነበረው?"

"አንድ።"

"አንዱን ማን ያዘው?"

"እርስዎ።"

"እንግዲያውስ ይኼ ሁለተኛ ነው። ሁለተኛው ፈቃድ የለውም። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን እንድነግርህ ትፈልጋለህ ወይስ እንደተጠቀለለ ይዘኸው ትወጣለህ?"

ብዥታ ግን አልወጣም። ያንኛውን፣ የሚቀባበልበትን ቦታ፣ አንዴ ብቻ ያንኳኩት ብሎ ለመነው። ሃምሳ አለቃው እየተነጫነጨ፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወደ ግምጃ ቤቱ ገባ። ከውስጥ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ልክ ሰው በር ሲያንኳኳ። ሲመለስ ወንበሩን በእጁ ዳስሶ ነው የተቀመጠው።

"አንኳኳሁ" አለ።

"እሺ ጌታዬ።"

"ከፋች የለም።" ግንባሩን ጠረገ። "ዘይት ይፈልጋል ብዬ እኮ ፈርሜያለሁ። ቫርኒሽ ነው ለካ የሚፈልገው።"

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚመጡ መርማሪዎች ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለውን የሟች መሣሪያ ሁሉ አንድ በአንድ እየተኮሱ ሊሞክሩ ቀን ተቆርጦላቸዋል። የእንጨቱ ላይ ሲደርሱ የሃምሳ አለቃው ጡረታ ይበላሻል፤ የብዥታ ማረጋገጫ ይሰረዛል፤ ፎቶ ቤቱም ይታሸጋል። ሁለቱም ይኼን ያውቃሉ። ብዥታ ስሕተቱ የኔ ነው አለ። ሃምሳ አለቃው ግን በዚያ ሁሉ መሐል እልህ ያዘው። "እኔ አልተሳሳትኩም" አለ። "አውቀዋለሁ ያልኩት ያንኑ ነው፤ ያመጣህልኝም ያንኑ ነው። ሳሎኔ ያለው እሱ ነው። ተመልከት እንግዲህ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ልጆቼን ሳስፈራራ የኖርኩት በቁም ሳጥን ዘመድ ነው።"

መላውም ከዚያው ከፎቶው መጣለት። ጣቢያው የተረከባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ፎቶ ይነሱ የሚል ትዕዛዝ ከበላይ ከመጣ ቆይቷል፤ አንሺ ስላልተገኘ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል። አሁን አንሺ ተገኘ፤ እውነተኛውን ይዞ ገብቶ የእንጨቱን ይዞ የሚወጣ። ያውም በነፃ።

አንድ እንቅፋት ብቻ አለ፤ የግምጃ ቤቱ ዘበኛ። ይህ ሰው የሚገባውንም የሚወጣውንም ሳይፈትሽ የማያሳልፍ፣ የሃምሳ አለቃውን የምሳ ዕቃ ሳይቀር ክዳኑን ከፍቶ የሚያሸት ነው። ሃምሳ አለቃው ለዘበኛው ምንም እንዳይነገረው፣ ከተነገረው እስከ ማታ ከተማው እንደሚያውቀው አስጠነቀቀ።

በማግስቱ ብዥታ የካሜራ መቆሚያውን፣ መብራቱን፣ ሸራውንና ጠመንጃውን በአንድ ረጅም ከረጢት ይዞ መጣ። ዘበኛው እጁን ከረጢቱ ውስጥ ሰዶ ጠመንጃውን ጎትቶ አወጣው። ብዥታ ምላሱ እየተያያዘበት የእንጨት ነው፣ ብርሃን መሞከሪያ ነው አለ። ዘበኛው ዘቅዝቆ፣ አገላብጦ አየውና ከንፈሩን ጣል አደረገ።

"ከሩቅ ያስታውቃል" አለና መለሰለት።

ውስጥ የሟቾቹ ጠመንጃዎች በግድግዳው ልክ ተደርድረዋል። በየአንገታቸው የባለቤታቸው ስም የተጻፈበት ካርቶን ተንጠልጥሏል። ብዥታ ሲያያቸው ተራቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች መሰሉት፤ ያዘመመውን አቃና፣ አቧራ የለበሰውን ጠረገ፣ አንዱን ግራ ትከሻህን ዝቅ አድርግ ሊለው ምንም አልቀረው። አባቱ ሰውን እንዴት እንደሚያቆም ከጓዳ ሆኖ ሲሰማ ያደገው ሁሉ እዚያ ትዝ አለው። አንድ በአንድ አነሳቸው። አባቱ ስም ጋ ሲደርስ ካርቶኑን ከእንጨቱ አንገት አውልቆ ለእውነተኛው አጠለቀ።

አለቀ ሲል ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀበቶውን ወደ ላይ ሳበ። አንድ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ እንደሚያፍር ልጅ የጠመንጃውን ካዝና እያየ፣ ከእውነተኛው ጋር አንዴ ቢያነሳው ቅር እንዳይለው ጠየቀ። ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን የውሸት አውርዶ እውነተኛውን ይሰቅላል። ብዥታ አቆመው፣ ሆድዎን ሳይሆን ደረትዎን አለው፣ አነሳው።

ሊወጣ ሲል ዘበኛው ከረጢቱን ከፈተ። የእንጨቱን ጠመንጃ ግማሽ ድረስ ሳብ አድርጎ እንዳየው እሳት እንደነካ ሰው እጁን ነጠቀና ወደ ኋላ ሄደ።

"ይኼ ጠመንጃ ነው።"

ብዥታ ያው ጠዋት ያየኸው ነው አለ። ዘበኛው አልሰማውም። ጠዋት ያየሁት መጫወቻ ነው፣ ይኼኛውን ከዚያ ከግድግዳው ነው ያነሳኸው እያለ በሩን በጀርባው ገጠመው። ሃምሳ አለቃው ደረሰ። ተረጋጋ ብሎ፣ እንጨት መሆኑን ለማሳየት ጠመንጃውን ተቀብሎ ማቀባበያውን ጎተተ። አልነቃነቅ አለ።

"አየህ? አይከፈትም" አለ።

"አያለሁ" አለ ዘበኛው። "ጥቂት ዘይት ይፈልጋል።"

ዘበኛው ይባስ ብሎ ጠመንጃውን ተቀብሎ መዘነው፤ እንጨት እንዲህ ይከብዳል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አለቃዬ ቢሆኑም ወደ ላይ ሳላመለክት አላሳልፍም አለ። የዚያን ጊዜ ነው ብዥታ ራሱን ያልመሰለው። ጠመንጃውን ከዘበኛው እጅ ወሰደ፤ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፋ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ቡሎን በጥፍሩ ጀምሮ በጥርሱ ፈታው።

አሸዋ ወረደ። ሽርርር እያለ በዘበኛው ጫማ ላይ ወርዶ፣ ጫማውን ሸፍኖ፣ ጣቱ ጫፍ ላይ ክምር ሠራ። ሦስቱም አንገታቸውን አቀርቅረው እስኪያልቅ ድረስ አዩት።

"ጥይት ጨርሶ ነው" አለ ብዥታ።

ዘበኛው በሩን ለቀቀ። ሲወጡ ግን ከኋላቸው አሸዋው የማን ነው፣ ገብቷል ወይስ ወጥቷል እያለ ያጉረመርም ነበር።

መርማሪዎቹ መጡ፤ ተኮሱ፤ የፎቶ አንሺው ጠመንጃ ሲጮህ ሃምሳ አለቃው ብቻውን አጨበጨበ። አንዱ መርማሪ መዝገቡን አይቶ ዘይት ይፈልጋል የሚለው እውነት ነው፣ ደርቋል፣ ማነው እንዲህ አጥርቶ የፈተሸው ብሎ ጠየቀ አሉ። ጠመንጃው እዚያው የመንግሥት ሆኖ ቀረ፤ ፎቶ ቤቱ የብዥታ ሆኖ ቀረ።

ጡረታ በወጣ ሰሞን ሃምሳ አለቃው ተራ ልብስ ለብሶ ፎቶ ቤቱ መጣ። በክንዱ ሥር ሁለት ፎቶ ይዟል። ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። በአሮጌው ላይ አንድ ቀጭን ምልምል ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጥቁር ጠመንጃ ታቅፎ፣ ያየውን ሁሉ የሚያስር መስሎ ቆሟል። በአዲሱ ላይ አንድ ሽማግሌ የሚያብለጨልጭ የልጅ መጫወቻ ይዞ ፈገግ ብሏል።

"የልጅ ልጄ አየችውና አባባ፣ ማን ገዛልህ አለችኝ" አለ።

ብዥታ ሊያጽናናው ፈለገ፤ ያ ጠመንጃ ፎቶ አይወጣለትም፣ አባቴም የጠላው ለዚሁ ነው አለው። ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ሸራው ፊት ያለው በርጩማ ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ኮሌታውን አስተካከለ።

ብዥታ ገባው። ከካሜራው ኋላ ቆመና፣ አንድ ቀንም ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

"ከነጠመንጃው ነው ወይስ ባዶ እጅዎን?"

"ከነጠመንጃው" አለ ሃምሳ አለቃው። "አሸዋውን መልሰህበታል?"

"መልሻለሁ ጌታዬ። ከወንዝ ዳር ያመጣሁት ንጹሕ አሸዋ ነው።"

ሳጥኑን ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ የእንጨቱን ጠመንጃ በጨርቁ ወልውሎ አስያዘው። ሽማግሌው እንደያዘው ትከሻው ወረደ፣ አገጩ ወጣ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ብዥታ ወደዚህ ይዩ ሊል ሲል ሃምሳ አለቃው ዘወር ብሎ ሸራውን አየ፤ ሐይቁን፣ ጀልባውን፣ ቀጥሎም ከጀልባው የሚገዝፈውን። ፖሊስ ነበርና ጠጋ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየው።

"ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ወፍ ነው?"

ብዥታ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቀለህ በጣቱ ዳበስ አደረገ።

"የሩቅ አገር ነው ጌታዬ። ወደዚህ ይዩ።"